አንድ ቆጣሪ ለአራት ቤት፦ የአክስቴ ቤት የኃይል ወጪ በዶሮ ማነቂያ

ነሐሴ 2014፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ አክስቴ ሁለተኛውን ስትቀዳ ለንደን ያለው ልጇ ደወለ። ሰላምታው ሳያልቅ ወሬው ወደ ኑሮ ዞረ። ነጭ ጋዝ በአንድ ጊዜ ከ35 ብር ከ43 ሳንቲም ወደ 49 ብር ከ02 ሳንቲም መግባቱን፣ የከሰሉ ጆንያ 600 ብር መድረሱን፣ የግቢው የመብራት መዋጮም መጨመሩን ነገረችው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና፣ «እማዬ፣ እዚህ እኮ ሰው መብራት ሲወደድበት ኩባንያ ይቀይራል። እናንተስ ለምን አትቀይሩም?» አላት።

«የምን ኩባንያ፣ ልጄ? እኛ ጋ ያለው አንድ መብራት ኃይል ነው!»

ልክ ናት። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ማንኛውም ቤት ኤሌክትሪክ የሚሸጥለትን ኩባንያ መምረጥ ይችላል። እኛ ዘንድ የድሮው መብራት ኃይል በ2006 ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለየቤቱ ማከፋፈሉና መሸጡ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደረሰ። ደጃፋችን የሚደርሰው ሽቦ ግን ያው አንድ ነው። ደግሞስ የአክስቴ ልጅ የሚመካበት መቀያየርም በዚያን ጊዜ ብዙ አልጠቀመም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የጋዝ ዋጋ ሲንር እዚያ ከ25 በላይ ሻጮች ከስረው ወጥተዋል፣ ርካሹ ውልም ከገበያው ጠፍቶ ነበር።

ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ወደ ቤት ሄደ። የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው። ሻጩን መቀየር ካልተቻለ፣ የምናነደውን መቀየርስ? ኤሌክትሪኩ በማን ቆጣሪ በኩል እንደሚገባስ? ለአክስቴ አንድ የተማሪ ደብተር ገዛሁላትና ለአንድ ወር ለእሳትና ለመብራት ያወጣችውን ሁሉ እንድትጽፍ ለመንኳት። የምትጽፈው የልጅ ልጇ ነበረች።

ቤቱ ያኔ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ የቀበሌ ቤት ነበር። አንድ በር፣ አንድ ግቢ፣ አራት ቤት። አክስቴ ጋ ልጇ፣ አማቿና ሁለት የልጅ ልጆቿ ይኖራሉ፤ አምስት ሰው ማለት ነው። ከበሩ በስተግራ ግድግዳው ላይ በእንጨት ሳጥን ውስጥ አንድ ቆጣሪ አለ። አራቱም ቤት የሚበላው በእሱ ነው። ቆጣሪው የወጣው በግቢው አንጋፋ፣ በእማማ ባለቤት ስም ሲሆን ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ቢሉን የሚከፍሉትና መዋጮውን የሚሰበስቡት እማማ ናቸው።

መዋጮው የሚሰላው በዕቃ ነው። ለአምፖል ይህን ያህል፣ ለቴሌቪዥን ይህን ያህል፣ ለፍሪጅ ይህን ያህል። አክስቴ በወር 250 ብር ይደርስባታል። ምጣድ የጣደ ደግሞ በጣደበት ቀን 40 ብር ይጨምራል። በማዕከላዊ አዲስ አበባ ግቢ ተጋርቶ የኖረ ሁሉ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። አክስቴ ወጥ የምትሠራው ግማሹን በነጭ ጋዝ በሚሠራ ቡታጋዝ፣ ግማሹን በከሰል ነበር፤ የኤሌክትሪክ ስቶቭ በግቢው ሕግ አይፈቀድም።

በወሩ መጨረሻ ደብተሩ ይህን አሳየን። የመብራት መዋጮ 250 ብር። ምጣድ ስምንት ጊዜ፣ 320 ብር። ነጭ ጋዝ ዘጠኝ ሊትር፣ 441 ብር። ከሰል አንድ ጆንያ፣ 600 ብር። ተደምሮ 1,611 ብር። አክስቴ ቁጥሩን አይታ ቀና አላለችም። «ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ ያነደድኩት?» አለች።

ዓይኔ ያረፈው ምጣዱ ላይ ነው። 40 ብር ከየት መጣ? ማንም አያውቅም፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። አንድ ቅዳሜ ጎረቤቶቹን አስፈቅደን ልንሞክር ተነሣን። ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ሰው ሳይነሣ፣ ሦስቱ ቤት ፍሪጃቸውን ነቅለው አምፖላቸውን አጠፉልን። በስልኬ መብራት ቆጣሪው ላይ አበራሁና ቁጥሩን በእርሳስ ጻፍኩ። አክስቴ ምጣዱን ጣደች። ማሰሻውን ጎመን ዘር ነክራ አሰሰችው፣ እጇን ከላይ ዘርግታ ሙቀቱን ለካች፣ ማሟሻዋን ጋገረች፣ ከዚያ ያለ ማቋረጥ ሊጡን ጨረሰች፤ 32 እንጀራ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍታ በቀረው ግለት ነው ያወጣቻቸው። ይህን ማንም አላስተማራትም። አክንባሎውን ከፍታ እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታው እኔ ወደ ሳጥኑ ሮጥኩ። ሰባት ቆጥሯል። ሰባት ኪሎዋት ሰዓት።

ሰባቱ አያስገርምም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ተኩል እስከ 4 ሺህ ዋት ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ቢጣድ ሰባት ወይም ስምንት መሆኑ ነው። የገረመኝ ዋጋው ነው። ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የገባው የታሪፍ ማሻሻያ በታኅሣሥ 2014 የመጨረሻ ደረጃው ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ታሪፍ ለመኖሪያ ቤት እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው እያንዳንዱ 27 ሳንቲም ግድም ነበር። እስከ 100 ሲሆን 77 ሳንቲም ግድም፣ እስከ 200 ደግሞ 1 ብር ከ62 ሳንቲም ተኩል። እስከ 300 ሲሆን 2 ብር፣ እስከ 400 ሲሆን 2 ብር ከ20፣ እስከ 500 ሲሆን 2 ብር ከ40 ሳንቲም ግድም፣ ከ500 በላይ 2 ብር ከ48 ሳንቲም። እንግዲህ በመጨረሻው፣ በውዱ ደረጃ እንኳ ብናሰላው አንድ ጋገራ 17 ብር ከ36 ሳንቲም ነው የሚፈጀው። አክስቴ የምትከፍለው 40 ነበር።

ደረጃው ራሱ ሌላውን ምስጢር ገለጠልን። የሐምሌ ቢል ላይ ግቢው በአንድነት 560 ኪሎዋት ሰዓት በልቷል። አራት ቤት ቢካፈሉት ለአንድ ቤት 140 ይደርሳል፤ 140 ደግሞ 1 ብር ከ62 ሳንቲም ተኩል ከሚታሰብበት ደረጃ አያልፍም። ቆጣሪው ግን አራት ቤት መሆኑን አያውቅም። አንድ ሀብታም ቤት 560 በላ ብሎ ነው ወደ ላይኛው ደረጃ የሚሰቅለው። ሙሉው ፍጆታ በደረሰበት ደረጃ ዋጋ ስለሚታሰብ፣ ለትንሽ ተጠቃሚ የተተወውን የ27 ሳንቲም ዋጋ አራት ቤት በአንድ ሆነው አንድ ጊዜም አይነኩትም። የታሪፉ ሐሳብ ድሃውን መደገፍ ነው፤ ቆጣሪ የሚጋራ ድሃ ግን ድጋፉ አይደርሰውም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በዚህ ከተማ ስንት ግቢ እንዲህ እንደሚኖር የሰፈር ሰው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ቸኩዬ እማማን ጠረጠርኳቸው። ይህን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ። ከአክስቴ ጋር ሆነን ቤታቸው ገባን።

«እማማ፣ እርስዎን ልንወቅስ አይደለም የመጣነው፤ ሒሳቡን አብረን እንይ ብለን ነው» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ከቁም ሳጥኑ ላይ አንድ ፌስታል አወረዱ። ውስጡ የሦስት ዓመት ቢል በወር በወሩ ተጣጥፎ ተቀምጧል። በየጀርባው በእርሳስ የተዋጣው ገንዘብና የጎደለው ተጽፏል። ጉድለት የሌለበት ወር ጥቂት ነው። «የሚጎድለውን ከጡረታዬ ነው የምሞላው፣ ልጄ። ሰው ፊት ቆሜ ጨምሩ ማለት ይከብደኛል» አሉ። አክስቴ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይገባል? አራተኛው ቤት ውስጥ ተከራይታ ፀጉር የምትሠራ ልጅ ነበረች። የምትከፍለው የተጠየቀችውን ነው፣ ሁለት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን። ካስኩና ፓይስትራው ግን ሙሉ ቀን ይሠራሉ፤ አምፖል የሚቆጥር መዋጮ ደግሞ ካስክ አያይም። ልጅቷም አላታለለችም፤ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም። በዕቃ ቆጥሮ ማካፈል በቀን አንድ ሰዓት የሚሠራውንና አሥር ሰዓት የሚሠራውን አንድ ያደርጋል። አክስቴም እማማም የከሰሩት በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር አብረን ወሰንን። አንደኛው ለአክስቴ የራሷን ቆጣሪ ማስገባት ነበር። ሁለተኛው ቡታጋዙን በስቶቭ መተካት።

ሁለተኛው ላይ አክስቴን ማሳመን ቀላል አልነበረም። «ስቶቭ መብራት ይበላል» የሚለው ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው ነው። ስለዚህ ደብተሩ ላይ አብረን አሰላን። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ውስጥ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት አለ። በክር የሚነድ ቡታጋዝ ከዚያ ለድስቱ የሚያደርሰው ሲሶውን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ነው፤ ሌላው በድስቱ ጎን እየሾለከ ቤቱን ያሞቃል። ስቶቭ ግን ከሚስበው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለድስቱ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ የሚያበስለውን ወጥ ለማብሰል ስቶቭ ላይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። በውዱ ደረጃ ቢሆን እንኳ 15 ብር አይሞላም። ነጭ ጋዙ 49 ብር ነው። አክስቴ እርሳሱን ከእጄ ወስዳ ራሷ ደግማ አባዛችው። ያኔ አመነች።

ለቆጣሪው የኪራይ ውሏን፣ መታወቂያዋንና ከወረዳው የቤቶች አስተዳደር የተጻፈላትን ደብዳቤ ይዘን አመለከትን። እማማም አልተቃወሙም፤ እንዲያውም ሳጥኑ አጠገብ ቦታ ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ለቆጣሪውና ለመስመሩ 5,800 ብር ወጣ። እኛ በራሳችን ያወጣነው ለሽቦ፣ ለሶኬትና ለባለሙያ 1,100፣ ለባለ ሁለት ዓይን ስቶቭ 700። ድምሩ 7,600 ብር። ግማሹን ከለንደን ልጇ ላከ፣ ግማሹን አክስቴ ከዕቁብ አወጣች።

ባንከራከርበት ኖሮ የሚያስቆጨን የሽቦው ነገር ነው። የመጣው ባለሙያ ያለውን የድሮ ሽቦ እንዳለ ትቶ ቆጣሪውን ብቻ ሊያገናኝ ፈልጎ ነበር። አክስቴ ምጣዷን ስትሰካበት የኖረችውን ሶኬት እንዲፈታልን ለመንነው። ሲፈታ ሁላችንም ዝም አልን። ፕላስቲኩ ከውስጥ ቀልጦ ጠቁሯል፣ የሽቦው ልባስ እንደ ደረቀ ቅጠል እየተፈረፈረ እጁ ላይ ቀረ። 4 ሺህ ዋት በ220 ቮልት ሲሳብ 18 አምፔር ይሆናል፤ ለተራ ሶኬትና ለቀጭን ኤክስቴንሽን ይህ ከአቅም በላይ ነው። ከሶኬቱ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ጭቃና እንጨት ነበር፤ ልጆቹ የሚተኙት ከግድግዳው ማዶ ነው። ለምጣዱ ብቻ ባለ 4 ሚሊ ሽቦ ከራሱ ማጥፊያ ጋር ተዘረጋለት። ከወጣው ገንዘብ ሁሉ ያ በጣም የሚያስፈልገው ነበር እላለሁ፤ ምንም ባይቆጥብልን እንኳ።

ቆጣሪው ጥር 2015 ላይ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ወር አስደነገጠን፤ 214 ቆጠረ። ከ200 በላይ ስለገባ ዋጋውም ደረጃ ዘለለ። ደብተሩን ስናገላብጥ ምክንያቱ ተገኘ። አማቿ «አሁንማ የራሳችን ነው» ብሎ ጠዋት ጠዋት የገላ መታጠቢያ ውሃ በትልቅ ድስት ስቶቭ ላይ ያፈላ ነበር። ውሃ ማሞቅ ብዙ ይስባል። እሱም ቅር ሳይለው ተወ፤ እሑድ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። አክስቴም ሦስት ጊዜ ትጋግር የነበረውን ሳምንት ወደ ሁለት መለሰች፤ ምጣድ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ እስኪግል የሚበላው ለአንድም እንጀራ ለሠላሳም እንጀራ እኩል ስለሆነ አብዝቶ መጋገር ያዋጣል። በሁለተኛው ወር 156 ሆነ፣ በሦስተኛው 149። ከእነ አገልግሎት ክፍያው 300 ብር አልሞላም። ከዚያ ውስጥ 56ቱ የምጣዱ ነው። ከቤቱ ፍጆታ ከሲሶ በላይ የሚሆነው እንጀራ ነው ማለት ነው።

ነጭ ጋዝ ሙሉ በሙሉ ቀረ። ጀሪካኑ አሁን ውሃ መያዣ ሆኗል፣ ደጋግሞ ታጥቦም ሽታው አልወጣለትም።

ከሰል ግን አልቀረም፤ ይቅር ብዬም አልተከራከርኩም። አክስቴ ጀበናዋን ስቶቭ ላይ አትጥድም። አንድ ቀን ሞክራለች፣ ለእኔ ብላ። ጀበናው ታቹ ክብ ነውና ሳህኑ ላይ ይዋልላል፣ ቡናውም ቶሎ ገነፈለ። «ይሄ ቡና አይደለም፣ የፈላ ውሃ ነው» አለች፤ እውነቷን ነው። የድሮውን የቆርቆሮ ምድጃ ግን ላቀች በሚባለው ባለ ሸክላ የከሰል ምድጃ ተካነው። ላቀች ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዘው ከቆርቆሮው ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። መብራት ሲጠፋም ወጡ በላቀች ይሠራል፤ መብራት ደግሞ ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ጆንያ ሦስት ወር ይዘልቅ ጀመር፣ በጊዜው ዋጋ በወር 200 ብር ማለት ነበር። አንድ ነገር ብቻ አስምያታለሁ፤ በክረምት ቤት ለማሞቅ ተብሎ ፍም ያለበት ምድጃ በር ተዘግቶ አይታደርበትም። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃበትም። በየክረምቱ ሰው የሚሞትበት ነገር ነው፤ ለከሰል 200 ብር ማውጣት ለሕይወት ከመስጋት ጋር መምጣት የለበትም።

ስለዚህ 1,611 የነበረው ወደ 500 ብር ወረደ። በወር 1,100 ብር ግድም ቀረላት። የወጣውን 7,600 ብር ለመመለስ ሰባት ወር ይፈጃል፤ ነሐሴ 2015 ላይ መለሰችው። በእኔ ስሌት ከተቀነሰው ውስጥ ትልቁ የከሰሉና የነጭ ጋዙ ነው፣ የመብራቱም ቀላል አይደለም። ግን ሁሉንም የከፈተው ቆጣሪው ነው። የራሷ ቆጣሪ ባይኖር ስቶቩን የግቢው ሕግ አያስጥዳትም ነበር።

በግቢውም ነገሩ ተለወጠ። ፀጉር የምትሠራው ልጅ ሁለት ወር ቆይታ የራሷን አወጣች። በድሮው ቆጣሪ ላይ የቀሩት እማማና ሌላ አንድ ቤት ነበሩ፤ ሁለቱ ተደምረው 200 አይሞሉም ነበር። እማማ ጡረታቸውን መንካት ካቆሙ ወዲህ አክስቴ ለቡና ስትጠራቸው ስኳሩን ይዘው ነው የሚመጡት።

አንድ ፍርሃት ከመጀመሪያውም ነበረን፣ ሲጻፍ መቅረት የለበትም። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ሰፈሩም መሐል ፒያሳ። ይፈርሳል የሚል ወሬ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ቆጣሪ አስገብተን በሦስተኛው ወር ቢፈርስ ገንዘቡ መና ይቀር ነበር። አክስቴን ይህን ጠይቄያት ነበር። «እስከዚያ ድረስ በጨለማ ልቀመጥ?» ነው ያለችኝ። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ እሷም ዕቃዋን ጭና ወደ ኮንዶሚኒየም ገባች። ያኔ ያወጣችው ከተመለሰ ግማሽ ዓመት አልፎት ነበር። ሁለት ዓመት ቀደም ብላ ብትጀምር ኖሮ የምታተርፈውን ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ዘግይታ ብትጀምር ደግሞ ሌላ ነበር። የቀበሌ ቤት ለሚኖር ሰው የእኔ ምክር ወጪው በስንት ወር እንደሚመለስ ቀድሞ ማስላት ነው። ከዓመት በላይ የሚፈጅ ከሆነ ስቶቩንና ላቀችውን ብቻ ይያዝ፤ እነሱ ተጭነው ይሄዳሉ።

ከመስከረም 2017 ጀምሮ አዲስ ታሪፍ ገብቷል፤ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እየጨመረ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ከላይ የጻፍኳቸው የሳንቲም ዋጋዎች የ2014 እና የ2015 ናቸው፣ ዛሬ የሚከፈለው ከዚያ ይበልጣል። በፍጆታ ልክ ደረጃ መከፋፈሉ ግን አልቀረም፤ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲበላ ዛሬም ወደ ላይኛው ይሰቀላል።

ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በገባችበት ቀን ልጆቹ ፍራሽ ሲያወጡ አክስቴ ደረጃው ሥር ወዳለው የቆጣሪ ሳጥን ሄደች። ቆጣሪዎቹ ተደርድረዋል፣ በየላያቸው የቤት ቁጥር አለ። የራሷን ፈልጋ አገኘችና ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች። የልጅ ልጇን ጠርታ፣ «ነይ፣ ቁጥሩን አንብቢልኝ፤ ዛሬ ከስንት እንደጀመርን ይጻፍ» አለቻት።